የመመርመሪያ ፈተና አጀማመርና ዓላማው

በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1882 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ግዴታ ከሆነ ወዲህ፣ ከጓደኞቻቸው እኩል ለመራመድ ያልቻሉ ሕፃናት ጉዳይ ማሳሰቡ አልቀረም። በመሆኑም በ1904 መንግሥት አንድ አጥኚ ኮሚሽን አቋቋመ። የኮሚሽኑ አባል አልፍሬድ ቢኔ ከሐኪሙ ቴዎዶር ሲሞን ጋር በመተባበር፣ በ1905 ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ 30 ተግባራትን የያዘ መለኪያ አዘጋጀ። ዓላማውም ልዩ እርዳታ የሚያሻውን ልጅ በግምት ሳይሆን በምርመራ ለይቶ ማወቅ ነበር። ቢኔ በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ የማሰብ ችሎታ በትምህርት ሊዳብር እንደሚችል አስረድቷል። ይሁን እንጂ እርሱ በ1911 ከሞተ በኋላ፣ በ1916 በአሜሪካ ተሻሽሎ የወጣው መለኪያ ልጆችን በችሎታ ደረጃ መመደቢያ ሆኖ አገለገለ። የመመርመሪያ ፈተና ዋጋ ግን የሚታወቀው በተመዘገበው ውጤት ሳይሆን፣ ከፈተናው ማግስት መምህሩ በማስተማሩ ላይ በሚያደርገው ለውጥ ነው።