ቅቤውን ማን በላው?
የዴንማርክ የቤት ብስኩት ታሪክ

በዴንማርክ አገር የገና በዓል ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት በየቤቱ የሚጋገር አንድ ዓይነት ብስኩት አለ። ቅርጹ ክብ፥ መካከሉ ክፍት፥ ገላው ሸንተረር ያለው ነው። በአገሩ ቋንቋ «ቫኒልየክራንሰ» ይሉታል፤ በአማርኛ ቢመለስ «የቫኒላ ጉንጉን» እንደ ማለት ነው። በሰማያዊ ክብ ቆርቆሮ ታሽጎ በዓለም ገበያ የሚዞረው፥ ብስኩቱ ካለቀ በኋላም ቆርቆሮው በብዙ ቤት የመርፌና የክር ማኖሪያ የሚሆነው የዴንማርክ የቅቤ ብስኩት የዚሁ የቤት ጋገራ ልጅ ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታያል። ይሁንና ብስኩቱ ከምን እንደ ተሠራ፥ ማን እንደ ጋገረውና ቅቤውን ማን እንደ በላው የጠየቀ ሰው፥ የአንድ አነስተኛ ሕዝብ ረጅም ትግል በዚያች ቀለበት ውስጥ ተጠቅልሎ ያገኘዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ ረጅም አይደለም። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፥ 350 ግራም ያህል ለጋ ቅቤ፥ 250 ግራም ያህል ስኳር፥ አንድ እንቁላል፥ 100 ግራም ያህል የተፈጨ አልሞንድና ከቫኒላ ዘንግ የተፋቀ ፍሬ ይበቃዋል። ቅቤው በቅመም የተነጠረ አይደለም፤ እንደ ተናጠ ያለ፥ እሳት ያልነካው ነው። በዱቄቱ ውስጥ በጣት እየታሸ ይበተናል። ሊጡ ከተያያዘ በኋላ ብዙ የማይታሸው እንደ ዳቦ እንዳይጠነክር ነው። ከዚያም የኮከብ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ በተገጠመለት የሥጋ መፍጫ ይተላለፋል፤ ሸንተረር ይዞ የወጣው ሊጥ በጣት ልክ ይቆረጥና ጫፍና ጫፉ ተገናኝቶ ቀለበት ይሆናል። 200 ዲግሪ በጋለ ምድጃ ውስጥ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። የጋጋሪዋ ብልኃት ያለው ቅዝቃዜውን በመጠበቅ ላይ ነው። ቅቤ በሰው ገላ ሙቀት የሚቀልጥ ነገር ስለ ሆነ፥ ሊጡ ከሞቀ ቀለበቱ በመጋገሪያው ላይ ይፈሳል፥ ሸንተረሩም ይጠፋል። በወጉ የተጋገረው ግን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ለሳምንታት ሳይለሰልስ ይቆያል።

ይህ ሁሉ ግን በተራው ሰው ጓዳ ከጥንት ጀምሮ የነበረ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዴንማርክ ገጠር ምግብ የሚበስለው በክፍት እሳት ላይ ስለ ነበር፥ ለስላሳ ብስኩት በቤት መጋገር አይመችም ነበር። በመቶ ዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ የብረት ምድጃ ወደየቤቱ ሲገባ ነው ጋገራ የቤት እመቤት ሥራ የሆነው። ስኳሩም የራሱ ጥቁር ታሪክ አለው። ዴንማርክ በካሪብ ባሕር በነበሯት ደሴቶች ላይ እስከ 1848 ድረስ ሸንኮራ አገዳ ያለማ የነበረው በባርነት የተያዘው አፍሪካዊ ነው። በአገሩ መሬት ከሚበቅል የስኳር ድንች ሳይሆን ከቀይ ሥር ወገን ከሆነው የስኳር ሥር ስኳር በሰፊው ማምረት የተጀመረው የዴንማርክ የስኳር ፋብሪካዎች ኩባንያ በ1872 ከተቋቋመ በኋላ ነው። ቫኒላውንም ቢሆን፥ አበባውን በእጅ በቀላሉ ማዳቀል የሚቻልበትን ዘዴ በ1841 ያገኘው በሬዩንዮን ደሴት በባርነት የነበረ ኤድሞንድ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ነው። የቤት እመቤቲቱ መማሪያም በጽሑፍ መጣ። የአነ ማሪ ማንጎር የምግብ አሠራር መጽሐፍ በ1837፥ የክሪስቲነ ማሪ የንሰን መጽሐፍ ደግሞ በ1901 ታተሙና ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፉ የጓዳ ሀብቶች ሆኑ።

የሁሉም መሠረት ግን ቅቤው ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካና የሩስያ ርካሽ እህል በባቡርና በእንፋሎት መርከብ ወደ አውሮፓ ሲጎርፍ የዴንማርክ ገበሬ የሚሸጠው እህል ዋጋ አጣ። ገበሬው ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይ መንግሥት በቀረጥ እንዲከልለው መለመን፥ ወይ አስተራረሱን መለወጥ። እሱም ሁለተኛውን መረጠ። እህሉን ለላምና ለአሳማ አበላ፤ ቅቤና የአሳማ ሥጋም ለእንግሊዝ ገበያ ይልክ ጀመር።

ከዚህ ላይ አንድ መኪናና አንድ ሐሳብ ተገናኙ። መኪናው በ1878 ስዊድናዊው ጉስታፍ ደ ላቫል የሠራው፥ ወተትን በፍጥነት እያሽከረከረ ሥልባቦቱን ያለማቋረጥ የሚለይ መሣሪያ ነው። ቀድሞ ሥልባቦቱ በራሱ እስኪንሳፈፍ ለሰዓታት ይጠበቅ ነበርና፥ የጥቂት ላሞች ጌታ የሆነ ገበሬ ጥሩ ቅቤ ማውጣት ይቸግረው ነበር። ሐሳቡ ደግሞ የኅብረት ሥራ ነው። በ1882 በምዕራብ ዩትላንድ ዬዲንግ በምትባል መንደር ገበሬዎች ወተታቸውን በአንድ ላይ የሚያስንጡበትን የመጀመሪያውን የኅብረት ወተት ቤት አቋቋሙ። ድምፅ የሚሰጠው በሰው ራስ ቁጥር እንጂ በከብት ራስ ቁጥር አልነበረም። ሁለት ላም ያለው ከሃምሳ ላም ባለቤት ጋር በስብሰባ ላይ እኩል ሆነ። መቶ ዓመቱ ሲያልቅ እንዲህ ያሉት ወተት ቤቶች ወደ አንድ ሺህ ይጠጉ ነበር። ገጣሚውና የሃይማኖት ሊቁ ግሩንድትቪግ ባመነጨው ሐሳብ ከ1844 ጀምሮ የተከፈቱት የሕዝብ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የገበሬውን ልጅ በታሪክና በመዝሙር አንጸው ስለ ነበር፥ ለዚህ ዓይነቱ መተማመን መሬቱን አለስልሰውታል ይባላል። በ1901 የቅቤው መለያ ምልክት ሆኖ የተመዘገበው «ሉር» የተባለው የጥንት የነሐስ መለከት መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ቅቤው ወደ እንግሊዝ ይሄዳል። በምትኩ የዴንማርክ ድኻ የሚበላው ማርጋሪን ሆነ። ማርጋሪን በ1869 ኢፖሊት ሜዥ-ሙሪዬስ በተባለ ፈረንሳዊ የተፈለሰፈ ርካሽ የቅቤ ምትክ ነው፤ በ1883 ኦቶ ሞንስተድ የተባለ ነጋዴ በዴንማርክ ፋብሪካ አቋቋመለት። በዓለም የታወቀ ቅቤ የሚንጠው ሕዝብ ራሱ ከታወቁት ማርጋሪን በሊታዎች አንዱ ሆነ። ቅቤው ተሽጦ ቅባቱ የወጣለት ወተት ለጥጃ፥ ለአሳማና ለድኻ ልጅ ተረፈ።

ዕዳው የተከፈለው በሕፃናት ዓይን ነው። በ1910ዎቹ የዴንማርክ ሐኪሞች በድኻ ልጆች ላይ አንድ ሕመም በረከተባቸው፤ ልጆቹ ሲመሽ ማየት ይሳናቸዋል፥ ከዚያም ዓይናቸው ይደርቃል፥ ይቆስላል፥ በመጨረሻም ይጠፋል። መነሻው አገራችን ዳፍንት ብላ የምታውቀው ነው። የሕፃናት ሐኪሙ ካርል ኤድቫርድ ብሎክ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ሁለት ክፍሎችን አነጻጸረ። በአንዱ ክፍል ልጆቹ ቅባቱ ያልወጣለት ወተት ያገኙ ነበር፤ በሌላው አያገኙም። የታመሙት የኋለኞቹ ሆኑ። የዓሣ ጉበት ዘይት ሲሰጣቸውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻላቸው። የጎደላቸው ዛሬ ቫይታሚን ኤ የሚባለው፥ በቅቤ ውስጥ የሚገኘው ነገር ነበር።

የማያጠራጥረውን ማስረጃ ያመጣው ጦርነቱ ነው። በ1917 የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የባሕሩን መንገድ ሲዘጉ ለማርጋሪን የሚሆነው ዘይት ከውጭ መምጣቱ ቀረ፤ ወደ እንግሊዝ የሚጫነውም ቅቤ ቀነሰ። መንግሥት በዚያው ዓመት መጨረሻ ቅቤን ድኻው ሊገዛው በሚችል ዋጋ በራሽን አደለ። በ1918 የዓይኑ ሕመም ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ራሽኑ ተነሥቶ ቅቤው ዳግመኛ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ሕመሙ ተመለሰ። የዓይን ሐኪሙ ኦላፍ ብሌግቫድ ከመላው አገር የሰበሰበው ቁጥር ይህንኑ ይመሰክራል። በሰላም ጊዜ ይጠፋ የነበረው የልጆች ዓይን በጦርነት ጊዜ ተረፈ።

ከቅቤው ታሪክ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ የብስኩት ታሪክ ደግሞ በደቡብ ዩትላንድ አለ። ዴንማርክ በ1864 በፕሩስያና በኦስትርያ ተሸንፋ የሽሌስቪግን ምድር አጣች። በሰሜኑ ክፍል የቀረው ዴንማርክኛ ተናጋሪ ሕዝብ ለ56 ዓመታት በባዕድ አገዛዝ ሥር ዋለ። ከ1888 ጀምሮ ከጥቂት የሃይማኖት ትምህርት ሰዓቶች በቀር የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ጀርመንኛ ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። ለዴንማርክኛ ስብሰባ ቤቱን የሚሰጥ የመጠጥ ቤት ጌታ ፈቃዱን እንዳያጣ ይፈራል። ስለዚህ ሕዝቡ የራሱን የመሰብሰቢያ ቤቶች ሠራ። ባለሥልጣኖቹ ለእነዚህ ቤቶች የመጠጥ ፈቃድ ነፈጉ።

መጠጥ ቢከለከል ቡና አልተከለከለም። ቡናውን ተከትሎም ሴቶቹ በየቤታቸው የጋገሩትን ይዘው መጡ፤ ለስላሳው ኬክ፥ ከአጃ ዳቦ የሚሠራው ባለ ክሬም ቶርታ፥ የቅቤው ብስኩት በየዓይነቱ ጠረጴዛውን ሞላው። ከጊዜ በኋላ ሰባት ዓይነት ለስላሳና ሰባት ዓይነት ደረቅ ማቅረብ የወግ ልክ ሆነ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ንግግር ተደረገ፥ መጽሐፍ ተነበበ፥ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ተዘመረ። ልጅ በትምህርት ቤት የተነፈገውን ቃል በቡናው ላይ ሰማ። ቡና ጠጥቶ፥ ቁርስ ቀርቦ፥ ጨዋታ ይዞ መዋል ምን ያህል ሕዝብን እንደሚያስተሳስር ተክሉ ከደኑ ለበቀለበት ለኢትዮጵያ ሰው ማስረዳት አያሻም። የካቲት ማለት በወርኃ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1920 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከሰሜን ሽሌስቪግ ሕዝብ ከመቶ 75ቱ ከዴንማርክ ጋር መቀላቀልን መረጠ። ያን ድምፅ ብስኩት አላመጣውም፤ ድምፁን የሰጠውን ቋንቋ ጠብቀው ካቆዩት መካከል ግን ስማቸው በመዝገብ ያልሰፈረ ጋጋሪዎች አሉበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የፋብሪካ ነው። በ1933 አናና ማሪኑስ ኬልሰን የተባሉ ባልና ሚስት በኖረ ስኔደ ከተማ አንድ ዳቦ ቤት ከፈቱ፤ በ1966 ደግሞ በሄልሲንጎር ሮያል ዳንስክ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። ሁለቱ በ1990 ተዋሐዱ፤ ከ2013 ጀምሮም ባለቤትነቱ ወደ ውጭ አገር ኩባንያዎች ተላልፏል። ብስኩቱ እንደ ቅቤው ሁሉ ከአገሩ ወጥቶ የዓለም ሸቀጥ ሆነ።

የቤቱ ጋገራ ግን አልጠፋም። ዛሬም ታኅሣሥ ሲቃረብ የሥጋ መፍጫው ከቁም ሣጥን ይወርዳል፤ እናት ሊጡን ትገፋለች፥ ልጅ በጣቱ ልክ እየቆረጠ ቀለበት ያደርጋል። የአንድ ሕዝብ ብልጽግና የሚለካው ወደብ ላይ በተጫነው በርሜል ብዛት ብቻ እንዳልሆነ የዴንማርክ ልጆች ዓይን አስተምሯል። ከተናጠው ቅቤ ለናጩ ልጅ ስንት ተረፈ? ይህ ጥያቄ ቅቤ ላለው አገር ብቻ ሳይሆን ቡና ላለውም፥ ሰሊጥ ላለውም አገር የሚገባ ነው።