«ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል»፦ ከእንጨት መሰንጠቂያ እስከ ኡበር

አዋጆቻችንን የሚያነብ ሰው ይህችን ሐረግ ያውቃታል፦ «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል»። ብዙዎቻችን እዚያ ስንደርስ ገጹን እንዘጋለን። ሥራ ላይ እጁን ላጣ ሰው ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስንት ይከፈለኛል? ለምን ያህል ጊዜ? ኑሮ ሲወደድ ክፍያውስ አብሮ ያድጋል? የየትኛው ሰዓት አደጋ ነው «የሥራ ላይ ጉዳት» የሚባለው?

ይህን በደንብ የሚያሳየን የዋሽንግተን ስቴት ታሪክ ነው። ዲሲን አይደለም የምለው፤ ሲያትል ያለችበትን ምዕራባዊውን ስቴት ነው። ዓመታቱ የአገር ቤቱን አዋጅ ካነሣሁበት ቦታ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የዚያ ስቴት ኢኮኖሚ የቆመው በደን ላይ ነበር። ዛፍ መቁረጥና ግንድ መሰንጠቅ ደግሞ ሰው የሚበላ ሥራ ነው። የተጎዳ ሠራተኛ ካሳ ማግኘት የሚችለው አሠሪውን ከስሶ ሲረታ ብቻ ነበር። አሠሪው ደግሞ ሦስት ጋሻዎች ነበሩት። አንደኛው «ጥፋቱ የራሱ የሠራተኛው ነው»፤ ሁለተኛው «ያጠፋው የሥራ ባልደረባው ነው»፤ ሦስተኛው «አደገኛ መሆኑን እያወቀ ነው የገባበት»። ከሦስቱ አንዱ ከሠራ ሠራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ቢረታም ከካሳው የጠበቃው ድርሻ ይነሣል።

አሠሪዎችም ተመችቷቸው አልኖሩም። አንዳንዴ ጁሪው ለተጎጂው ያዝንና ከባድ ካሳ ይፈርዳል። ስለዚህ ሕጉ እንዲለወጥ ከገፉት መካከል የእንጨት ኩባንያዎቹ ራሳቸው ነበሩበት። መጋቢት 14 ቀን 1911 አገረ ገዢው ማሪዮን ሄይ አዲሱን ሕግ ፈረሙ። ስምምነቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሠራተኛው አሠሪውን የመክሰስ መብቱን ይተዋል፤ በምትኩ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ያለ ክርክር ካሳ ያገኛል። ገንዘቡ የሚወጣው አሠሪዎች አረቦን ከሚከፍሉበት የመንግሥት ፈንድ ነው። የግል ኢንሹራንስ ኩባንያ በመካከል አይገባም። ዛሬም የግል መድን ድርጅቶችን ከዚህ ሥራ ያገለሉት ስቴቶች አራት ብቻ ናቸው፤ ዋሽንግተን፣ ኦሃዮ፣ ኖርዝ ዳኮታና ዋዮሚንግ።

ሕጉ በተፈረመ በ10ኛው ቀን የኒውዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የራሱን ስቴት ተመሳሳይ ሕግ «ያለ ጥፋት ክፈል ማለት የአሠሪውን ንብረት መንጠቅ ነው» በሚል ይዘት ሻረው። በማግስቱ፣ መጋቢት 25፣ እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ ትሪያንግል የተባለው የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሰዎች አለቁ። የዋሽንግተኑ ሕግ ግን በራሱ ስቴት ፍርድ ቤት ጸና። በ1917 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ አጸደቀው።

ብዙ የታሪክ መጻሕፍት እዚህ ላይ «ሠራተኛው አሸነፈ» ብለው ያበቃሉ። እኔ የምለው የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

የ1911ዱ ሕግ ለሟች ሠራተኛ ሚስት በወር 20 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 5 ዶላር ወሰነ፤ በድምሩ ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ። በወቅቱ መጥፎ አልነበረም። ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ከ1914 እስከ 1920 ባለው ጊዜ በአሜሪካ የኑሮ ውድነት እጥፍ ገደማ ደረሰ። በሕግ የተጻፈው 20 ዶላር ግን በራሱ አያድግም። ሠራተኛው የመክሰስ መብቱን የሸጠው ለዘለዓለም ነው፤ የተከፈለው ዋጋ ግን በየዓመቱ ይሸረሸራል። ሕግ ማንም ሳይሽረው፣ ቁጥሩን የሚያድስ ሰው በማጣት ብቻ ሊሞት ይችላል።

ሌላም ክፍተት ነበር። የመጀመሪያው ሕግ ሕክምናን አልሸፈነም። እሱ የተጨመረው በ1917 ነው፤ ያውም ወጪውን ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር እንዲጋራ ተደርጎ። መጀመሪያ የተሸፈኑት «እጅግ አደገኛ» የተባሉ ሥራዎች ብቻ ነበሩ። ሽፋኑ ለሁሉም ሥራ ለማለት በሚያስችል ደረጃ የሰፋው በ1971 ነው፤ 60 ዓመት ፈጅቷል።

ዛሬ ያ ስቴት የተማረው ትምህርት በቀመሩ ውስጥ ይታያል። ሥራ መሥራት ያልቻለ ተጎጂ እንደ ቤተሰቡ ብዛት ከደመወዙ ከ60 እስከ 75 በመቶ ያገኛል። ጣሪያው በዶላር አልተጻፈም፤ የስቴቱ አማካይ ደመወዝ 120 በመቶ ተብሎ ነው የተጻፈው። አማካዩ ሲያድግ ጣሪያውም ያድጋል። የአረቦኑን ተመን ደግሞ የሠራተኛና ኢንዱስትሪዎች መምሪያ በየዓመቱ በመመሪያ ያድሳል። ጣሪያ ሠሪና የቢሮ ጸሐፊ በተለያየ የአደጋ ምድብ ይገባሉ፤ ሒሳቡ የሚሠራውም በተሠራው ሰዓት ነው። መመሪያው ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ይታተማል፣ ሕዝብ ይሰማል፣ የጽሑፍ አስተያየት ይቀበላሉ።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች እንምጣ። በሲያትልና አካባቢዋ በኡበርና በሊፍት ከሚሠሩት ሹፌሮች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች አሉ። ለዓመታት «የራሳችሁ ሠራተኛ ናችሁ» ስለተባሉ ቢጋጩ ወይም ቢደበደቡ ከፈንዱ ሳንቲም አያገኙም ነበር። በ1911 የእንጨት ሠራተኛው ከነበረበት ቦታ ብዙም አልራቁም። በ2022 የወጣው ሕግ ይህን ለወጠ። ከጥር 2023 ጀምሮ፣ ተቀጣሪ ባይባሉም እንኳ፣ የጉዳት ካሳ ሽፋን አገኙ።

ግን ዝርዝሩን እንመልከት። የሚሸፈነው ሹፌሩ ጥሪ ተቀብሎ ወደ ተሳፋሪው ሲሄድና ተሳፋሪ ጭኖ ሲጓዝ ነው። መተግበሪያውን ከፍቶ ጥሪ ሲጠብቅ ያለው ጊዜ አይቆጠርም። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ከቀኑ ምን ያህሉ በመጠበቅ እንደሚያልፍ ያውቃል። ልክ በ1911 እንደሆነው ሁሉ፣ ትልቁ በር ተከፍቶ ትንሹ በር ተዘግቷል። የመጠበቂያው ሰዓት ምን ይሁን የሚለው የሚቀጥለው ክርክር መሆን አለበት።

አገር ቤትስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለጊዜያዊ ጉዳት የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የቀሩትን 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ያስከፍላል። የጡረታ ሕግ የማይሸፍነው ሠራተኛ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል። በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተከፈለ በኋላ የዋጋ ንረቱን የሚያሸክሙት ለተጎጂው ብቻ ነው። በመተግበሪያ ጥሪ የሚሠራው ሹፌርም የቅጥር ውል ከሌለው አዋጁ አያውቀውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አዋጅ ሲወጣ ጭብጨባውን ለሌሎች እንተወውና ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ቁጥሩ ከምን ጋር ታስሯል? በየስንት ጊዜ ይታደሳል? ሲታደስስ ማን ይጠየቃል? ሲያትል ያላችሁ ደግሞ የሕዝብ አስተያየት መስጫው ለእናንተም ክፍት ነው። የእንጨት ኩባንያዎቹ ዝርዝሩ ሲጻፍ ሩቅ አልነበሩም። የዛሬዎቹም አይርቁም።