በጦርነት የተከለከለ፣ በአደን የታዘዘ፦ የአጋዘን ጥይት አመራረጥ ታሪክ

ጁላይ 29 ቀን 1899 በኔዘርላንድ አገር በሔግ ከተማ የተሰበሰቡ መንግሥታት፣ ሰው ገላ ውስጥ ሲገባ የሚሰፋ ወይም የሚዘረጋ ጥይት በጦርነት ላይ እንዳይተኮስ የሚከለክል መግለጫ አወጡ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእንግሊዝና በዌልስ ከ1963 ጀምሮ የወጡትን የአጋዘን ሕጎች ያጠቃለለው የ1991 ሕግ ደግሞ፣ አጋዘን በጠመንጃ የሚያድን ሰው ጫፉ ለስላሳ ወይም ክፍት ከሆነ ጥይት በቀር ሌላ እንዳይተኩስ ያዝዛል። አንደኛው ሕግ የከለከለውን ሁለተኛው ግድ ይላል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የተምታታ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ሕጎች የተወለዱት ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ጥይት ሥጋ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል? የሚል ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባት በፊት ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ አጋዘን የምንለው እንስሳ በአውሮፓና በአሜሪካ አዳኞች ዘንድ ከሚታወቀው፣ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ ሌላ ከሚያበቅለው እንስሳ ጋር ዘመዱ የራቀ ነው። በአፍሪካ ምድር የዚያ ወገን የሆነ አገር በቀል እንስሳ የሚገኘው በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። የእኛው የደጋ አጋዘን፣ ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው የባሌና የአርሲ ባለሟል፣ ቀንዱን የማይጥል ነው። ሆኖም በክብደትም ሆነ በአካል አቋም ከአውሮፓው ቀይ አጋዘን ብዙ ስለማይርቅ፣ ለአንዱ የሚበጀው ጥይት ለሌላውም የሚያገለግል ነው። ጥይት ሲባልም ቀለሃውን፣ ካፕሱሉን፣ ባሩዱንና አረሩን በአንድነት ማለታችን ሲሆን፣ ክርክሩ ሁሉ ያለው ከእነዚህ በአራተኛው ላይ ነው።

በጥቁር ባሩድ ዘመን ይህ ክርክር አልነበረም። በአገራችን ውጅግራ ተብሎ የታወቀው የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራስ ጠመንጃ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩም 25 ግራም የሚመዝን ድፍን እርሳስ ነበረ። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ450 ሜትር እምብዛም አያልፍም። እርሳስ ለስላሳ ስለ ሆነ አጥንት ሲነካ ይጨፈለቃል፤ ባይጨፈለቅም እንኳ ራሱ ሰፊ ስለሆነ የሚከፍተው ቁስል ሰፊ ነው። ስለዚህ አዳኙ መምረጥ ያለበት የባሩዱን ልክና የእርሳሱን ክብደት ብቻ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው፦ አረሩ ዝግ ያለ በመሆኑ በአየር ላይ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ይወድቃል፤ ርቀቱን በ30 ሜትር የተሳሳተ ሰው እንስሳውን ከነጭራሹ ይስታል፤ ከዚያም የከፋው፣ ሆዱን ወይም እግሩን ይመታዋል።

ይህን ሁሉ የለወጠው ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ በ1884 ያስገኘው ጭስ አልባ ባሩድ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ 8 ሚሊ ሜትሩ የሌበል ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ ሲወጣ፣ የሌሎቹ መንግሥታት የጦር መሣሪያ ሁሉ በአንድ ቀን አረጀ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ራቁቱን የሆነ እርሳስ አዲሱን ፍጥነት አይችልም፤ በአፈሙዙ ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ ይላጣል፣ ቦዩንም ይደፍናል። መፍትሔው ስዊሳዊው ኤድዋርድ ሩቢን የሠራበት መንገድ ሆነ፦ እርሳሱን ጠንካራ የብረት ልባስ ማልበስ። በዚህም አረሩ ቀጠነ፣ ፈጠነ፣ ርቆ ሄደ፤ ግን አልጨፈለቅ አለ። በሥጋ ውስጥ እንደ ወስፌ ገብቶ እንደ ወስፌ ይወጣ ጀመር።

የእንግሊዝ ጦር ይህን የተረዳው በ1895 በሕንድ ሰሜናዊ ድንበር በቺትራል ዘመቻ ጊዜ ነው። የተመቱ ተዋጊዎች ሳይወድቁ ይመጡብናል የሚል አቤቱታ ከወታደሮቹ በዛ። በካልካታ አጠገብ ዱም ዱም በተባለው ስፍራ የነበረው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የአረሩን ጫፍ ከልባሱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አራቁቶ፣ እርሳሱ ሲመታ እንዲጨፈለቅ አደረገው። የቦታው ስም የጥይቱ ስም ሆኖ ቀረ።

በዚህ ላይ የጀርመኑ ሐኪም ፓውል ፎን ብሩንስ የቲዩቢንገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ ጫፈ ለስላሳ አረር የሚያደርሰውን ጉዳት በሙከራ አጥንቶ አስፈሪ ውጤት በ1898 አሳተመ። ሥራው በሔግ ጉባኤ ዋዜማ የሕዝብን አስተያየት ያነሣሣ ሆነ። ከስኮትላንድ ወገን ሰር አሌክሳንደር ኦግስተን የተባለው ታዋቂ ቀዶ ሐኪም የሰጠው መልስ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነው፦ ብሩንስ የተኮሰው የዱም ዱምን ጥይት አልነበረም፤ እርሳሱ እጅግ የበለጠ የተራቈተ የማውዘር የአደን ጥይት ነበረ። በሌላ አነጋገር፣ የዓለም መንግሥታት በጦር ሜዳ ጥይት ላይ የፈረዱት፣ ለአጋዘን የተሠራው ጥይት ባቆሰለው ቁስል ምስክርነት ነው። የእንግሊዙ ተወካይ ሰር ጆን አርዳ በጉባኤው ላይ ቢከራከርም አልተሳካለትም፤ ውሳኔው በ22 ድምፅ ሲያልፍ የተቃወሙት እንግሊዝና አሜሪካ ብቻ ነበሩ። ፍርዱ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል፤ ማስረጃው ግን ከሌላ መዝገብ የተወሰደ ነበር።

ያ መዝገብ በጊዜው በደንብ ተጽፎ ነበር። ዊንቸስተር በ1895 ያወጣው 30-30 የተባለው ጥይት፣ ለአሜሪካ አዳኞች የተሠራ የመጀመሪያው ቀጭን የጭስ አልባ ባሩድ ጥይት ሲሆን፣ 10 ግራም ገደማ የሚመዝነውን አረር በሰከንድ 600 ሜትር ያህል ይወረውራል። ጆን ብራውኒንግ ከነደፈው ከ1894ቱ ጠመንጃ ጋር ተጣምሮ የነጭ ጅራቱ አጋዘን ጥይት ለመሆን በቃ። ምስጢሩ ከኃይሉ ይልቅ ከልኩ ላይ ነው። የተራቈተው የእርሳስ ጫፍ በዚያ ፍጥነት ሲመታ እንደ እንጉዳይ ባርኔጣ ይዘረጋል፤ ልባሱ ደግሞ እንዳይበታተን ይዘዋል። አጋዘን የሚሞተው በድምፅ ወይም በድንጋጤ አይደለም፤ ሳንባው ወይም ልቡ ሰፊ ቀዳዳ ሲከፈትበት፣ ደሙ ፈስሶ አንጎሉ ሲደርቅ ነው። ቀዳዳው ከጠበበ አጋዘኑ ኪሎ ሜትሮችን ይሮጥና ማንም ሳያገኘው በጫካ ውስጥ ለቀናት ሲማቅቅ ይሞታል። አዳኙም «ስቼው ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የአደን ጥይት ከዲፕሎማሲ ጋር ዳግመኛ የተገናኘው በእኛው አገር ጉዳይ ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ መንግሥት፣ ኢትዮጵያውያን የዱም ዱም ጥይት ይተኩሳሉ ሲል ለመንግሥታት ማኅበር ክስ አቀረበ። በማስረጃነት ከቀረቡት መካከል የእንግሊዝ ፋብሪካ ምልክት ያለባቸው የአደን ጥይቶች ይገኙ ነበር። የኢትዮጵያ ሠራዊት ብዙው ክፍል የየራሱን መሣሪያ ይዞ የዘመተ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ በአንዳንድ ዝናር ውስጥ የአደን ጥይት መገኘቱ አያስደንቅም። ክሱን ያቀረበው መንግሥት ግን በ1928 (በአውሮፓውያን) ያጸደቀውን የመርዝ ጋዝ ክልከላ አፍርሶ፣ በዚያው ወራት ሕዝብ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ያዘንብ ነበር፤ ክሱንም ለዚያው ማመካኛ ያደርግ ነበር። የጥይት ጫፍ ከጋዝ ጋር በአንድ ሚዛን የተቀመጠበት ይህ ክርክር በታሪክ ፊት ምን ያህል እንደሚመዝን አንባቢ ራሱ ሊፈርድ ይችላል።

ወደ አዳኞቹ ጉዳይ እንመለስ። ከ30-30 በኋላ የመጣው ፈተና ፍጥነት ነው። የ1925ቱ 270 ዊንቸስተር 8.4 ግራም አረር በሰከንድ ከ950 ሜትር በላይ ወረወረ። ለረዥም ርቀት የሚወደድ ሆነ፤ ነገር ግን ለዝግተኛ ጥይት የተሠራ አረር እንዲህ ባለ ፍጥነት በቅርብ ርቀት ትከሻ ላይ ሲያርፍ፣ በአጥንቱ ላይ ተበታትኖ ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ቁስል ያደርሳል። ይህ ከመጀመሪያው ችግር ተቃራኒ ነው፤ ውጤቱ ግን ያው የቆሰለና የጠፋ አጋዘን ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ብሬኔከ ይህን አስቀድሞ በ1917 አስቦበት፣ ፊቱ ለስላሳ ኋላው ጠንካራ የሆነ፣ ሁለት ዓይነት እርሳስ ያለው አረር ሠርቶ ነበር። አሜሪካዊው ጆን ኖስለር በበኩሉ በ1946 በካናዳ ከአንድ ግዙፍ ሙስ ጋር ገጥሞ አረሮቹ ጭቃ በለበሰው ትከሻው ላይ ተበታትነው ስለ ቀሩበት፣ በፊትና በኋላ እርሳስ መካከል የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ፈለሰፈ። የፊተኛው ክፍል ይዘረጋል፣ የኋለኛው ጠልቆ ይሄዳል። ከ1948 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ይህ አረር እስከ ዛሬ ይሠራል።

በዚህ ሁሉ መካከል የልማዱን ተቃራኒ የሚያስረዳ ሰው አለ። በአፍሪካ፣ በኢትዮጵያ ጠረፍም ጭምር፣ ዝሆን ያድን የነበረው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል፣ ሌላው ሁሉ በከባድ ጠመንጃ ሲመካ እርሱ በ7 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ ያውም ጨርሶ በማይዘረጋ ሙሉ ልባስ አረር፣ ዝሆንን ይጥል ነበር። ጡረታ ወጥቶ በስኮትላንድ ተራሮች ቀይ አጋዘን ሲያድን ደግሞ 220 ስዊፍት የተባለውን፣ አረሩ 3 ግራም ብቻ፣ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ወደ 1250 ሜትር የሚደርስ ጥይት አሞገሰ። ቤል የዝሆንን አካል ቀዶ ያጠና፣ እጁም የማይሳሳት ሰው ነበረ። ሕግ ግን ለቤል አይወጣም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ጠመንጃውን ከሣጥን አውጥቶ በነፋስና በብርድ ውስጥ ለሚተኩስ ሰው ነው የሚወጣው።

ሕጉም ይህንኑ ተመለከተ። የእንግሊዙ የ1991 ሕግ ከ6.1 ሚሊ ሜትር የጠበበ አፈሙዝ፣ ከ2300 ጁል ያነሰ ኃይል አይፈቅድም። ጀርመን መለኪያውን ከአፈሙዙ አጠገብ ማድረጉን ትታ በ100 ሜትር ርቀት አደረገችው፦ ለትንሹ ሚዳቆ መሰል አጋዘን 1000 ጁል፣ ለሌላው ባለ ሰኮና አውሬ ግን ቢያንስ 6.5 ሚሊ ሜትር አፈሙዝና 2000 ጁል። የጀርመኑ አሠራር የበለጠ ብልኅነት ያለው ይመስላል፤ አጋዘን የሚቆመው አፈሙዙ ሥር አይደለምና። የስኮትላንድ የ1985 ደንብ ደግሞ ለትልልቆቹ የአረሩን ክብደት ጭምር ወሰነ፤ ከ6.5 ግራም እንዳያንስ። በዚህም የቤል ስዊፍት ከቀይ አጋዘን አደን ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ጥያቄው አጋዘኑን የሚመለከት ነበር። በዘመናችን ግን ከአጋዘኑ አልፎ ወደሚበላው ወገን ዞረ። በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በተለመደው ባለ እርሳስ አረር የተገደሉ 30 ነጭ ጅራት አጋዘኖችን በኤክስሬይ ቢመረምር፣ በሠላሳውም ውስጥ የብረት ቅንጣቶች አገኘ፤ ከተፈጨው ሥጋ ከታሸጉት 234 ፓኮዎች 32 በመቶው ቢያንስ አንድ ቅንጣት ነበረባቸው። በካሊፎርኒያ ደግሞ በ1982 ቁጥሩ ወደ 22 ወርዶ የነበረው ኮንዶር የተባለው ግዙፍ ጥንብ አንሣ፣ አዳኞች ጥለውት በሚሄዱት ሆድ ዕቃ ውስጥ ባለ እርሳስ መመረዙ ተረጋገጠ። ግዛቲቱ በ2013 ባወጣችው ሕግ የእርሳስ ጥይትን በየደረጃው ከልክላ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በአደን ሁሉ ላይ አጸናችው። ዴንማርክም ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የጠመንጃ አረር ከእርሳስ እንዲጸዳ አድርጋለች። በባሌና በአርሲ ከተራራ አጋዘን አደን የሚተርፈውን ሥጋና አጥንት የሚጠብቁት የአገራችን ጥንብ አንሣዎችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም።

በእርሳስ ፋንታ የመጣው ድፍን መዳብ ነው። ይህ ዓይነት አረር በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲውል ዋና ምክንያቱ ጥልቀትና አለመበታተን እንጂ የጤና ጉዳይ አልነበረም። ጫፉ ክፍት ተደርጎ ስለሚሠራ ሲመታ እንደ አበባ ቅጠል ይዘረጋል፤ ክብደቱንም አይጥልም። ነገር ግን መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፦ የእርሳስ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ከ11 ግራም በላይ ሲመዝን የመዳብ 9 ግራም አይሞላም። ስለዚህ በአንድ አፈሙዝ እኩል ክብደት ያለው የመዳብ አረር ከእርሳሱ ይረዝማል፤ ረዥም አረር ደግሞ ፈጣን ሽክርክሪት ካላገኘ በአየር ላይ ይወላገዳል። በ243 ዊንቸስተር የሚጠቀሙ የስኮትላንድ አዳኞች ከዚህ ወጥመድ ውስጥ ገቡ፦ ሕጉ ያዘዘው የ6.5 ግራም ክብደት በመዳብ ሲሠራ ለጠመንጃቸው ቦይ እጅግ ይረዝማል፤ የሚስማማቸው ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነበር። የስኮትላንድ መንግሥትም በ2023 የክብደቱን ወሰን ከ6.5 ወደ 5.2 ግራም ዝቅ አደረገው።