ማስካራና ኩል፦ ዓይንን ሳይጎዱ ሽፋሽፍትን አሳምሮ መቀባት

ማስካራ በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ የሚበቅለው ፀጉር፣ ማለትም ሽፋሽፍት፣ ጠቆር፣ ረዘምና ወፈር ብሎ እንዲታይ በብሩሽ የሚቀባ ማስዋቢያ ነው። በከተማ የዘወትር ነገር ሆኗል። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደግሞ በብዛት የሚታየው በጥር ሠርግና በበዓል ሰሞን ነው። ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ የመጣች እህት አንድ ማስካራ ይዛ ትመጣለች፤ ሙሽራዋም ሚዜዎቿም በዚያችው ብሩሽ ይቀባሉ። እናቶችና አያቶች ደግሞ ከጥንት የሚያውቁት ኩል አላቸው።

ይህ ጽሑፍ ማስካራ በሥርዓት እንዴት እንደሚቀባ ያስረዳል። ከዚያ በፊት ግን በዚህ አካባቢ ከሌላው አገር ይልቅ መቅደም ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱም ሽፋሽፍቱ ወደየት ነው የዞረው የሚለው ነው።

ከመቀባት በፊት፦ ፀጉሩ ወደ ውጭ ነው ወይስ ወደ ውስጥ?

ጤናማ ሽፋሽፍት ከዓይን ይርቃል። የላይኛው ወደ ፊትና ወደ ላይ፣ የታችኛው ወደ ፊትና ወደ ታች ይዞራል። ሥራውም አቧራና ላብ ወደ ዓይን እንዳይገባ መከላከል ነው። ፀጉሩ ወደ ውስጥ ሲዞር ግን ጠባቂ መሆኑ ቀርቶ ዓይንን የሚፍቅ ይሆናል።

በአማራ ክልል ለዚህ ዋናው ምክንያት ትራኮማ፣ በተለምዶ የዓይን ማዝ የምንለው ሕመም ነው። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በሚባል ባክቴሪያ ይመጣል፤ በእጅ፣ በፎጣና በነጠላ ጫፍ፣ በዓይናር ላይ በሚያርፍ ዝንብም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። በልጅነት ደጋግሞ የያዘ እንደሆነ የላይኛውን ቆብ የውስጥ ገጽ ያጠባስሳል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ፀጉሩም አብሮ ይቀለበስና ኮርኒያ የተባለውን የዓይን የፊት መስታወት መፋቅ ይጀምራል። ሳይታከም ከቆየ መስታወቱ ይነጣል፣ ብርሃንም ይጠፋል። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በተደረገው ብሔራዊ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል፤ ከአዋቂዎቹም 5 በመቶ ያህሉ ፀጉራቸው የተቀለበሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመድኃኒት ዘመቻና በቀዶ ጥገና ብዙ ተሠርቷል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ልጆች የነበሩት ዛሬ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ጠባሳው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ፀጉር መቀልበስ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። ልጆችን የሚያቅፉና የሚንከባከቡ እነሱ ስለሆኑ ከሕመሙ ጋር ይበልጥ ይገናኛሉ።

ስለዚህ ማስካራውን ከመክፈትዎ በፊት ይህን ያድርጉ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ብርሃን በደንብ በሚገባበት ደጃፍ ላይ መስታወት ይዘው ይቁሙ። ቀጥ ብለው ወደ ፊት እየተመለከቱ የላይኛውን ቆብ በአውራ ጣትዎ በቀስታ ወደ ላይ ከፍ ያድርጉና የፀጉሩን ሥር ይመልከቱ። ከዓይኑ ነጭ ወይም ጥቁር ክፍል ጋር የሚነካካ አንድ ፀጉር እንኳ ካለ አይቀቡ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። መስታወት የማያሳይዎ ከሆነ ሌላ ሰው ይይልዎ። “እሾህ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል”፣ “ፀሐይ ላይ ዓይኔን መግለጥ አልችልም”፣ “ሁልጊዜ ያነባል” የሚል ሰውም እንዲሁ መታየት አለበት። በመንዝ ቤት ውስጥ የኩበት ጭስም ዓይን ያስነባልና ብዙ ሰው እንባውን በጭሱ ያሳብባል። ጭሱ በሌለበት፣ ከቤት ውጭ ሲውሉም የሚቆረቁር ከሆነ ግን ነገሩ ጭስ ብቻ አይደለም።

ዓይኑ ቀልቶ ወይም ዓይናር እያወጣ ባለበት ሰሞን ማንም ሰው መቀባት የለበትም። ሠርጉ ነገ ቢሆንም እንኳ።

አቀባቡ

ዓይኑ ጤናማ ከሆነ የቀረው ትዕግሥት ነው። ፊትዎን ታጥበው ያድርቁ፤ ሽፋሽፍቱ እርጥብ ወይም ቅባት የነካው ከሆነ ቀለሙ ይያያዛል፣ ወደ ታችም ይፈሳል። የዓይን መነፅር ሌንስ የሚያደርጉ ከሆነ ሌንሱ የሚገባው ከማስካራው በፊት ነው።

ብሩሹን ከጠርሙሱ ሲያወጡ በቀስታ እያሽከረከሩ ያውጡት። ብዙ ሰው ቀለም እንዲበዛለት ብሩሹን ደጋግሞ እያስገባና እያወጣ ይጎረጉራል፤ ይህ አየርና ጀርም ከማስገባቱም በላይ ማስካራውን ቶሎ ያደርቀዋል። በብሩሹ ላይ የተከመረውን በጠርሙሱ አፍ ወይም በንጹህ ሶፍት ጠረግ ያድርጉ። ፀጉር ከፀጉር ተጣብቆ የሸረሪት እግር የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ እርምጃ ስለሚዘለል ነው።

ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ ወይም ጉልበትዎ ላይ ያሳርፉ፤ እጅ የማይንቀጠቀጠው እንዲህ ሲሆን ነው። አገጭዎን ትንሽ ከፍ አድርገው ወደ መስታወቱ ዝቅ ብለው ይመልከቱ። ብሩሹን ከሽፋሽፍቱ ሥር አቅራቢያ ያስጠጉ፤ የቆቡን ጠርዝ ግን አይንኩ። በዚያ ጠርዝ ላይ የእንባን ቅባት የሚያወጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉ ቀለም ሲደፍናቸው ዓይን ይደርቃል፣ ጠርዙም ይቆጣል። ከዚያ ብሩሹን ግራ ቀኝ በጥቂቱ እያወዛወዙ ወደ ጫፍ ይሳቡት። ማወዛወዙ ፀጉሮቹን አንድ በአንድ ይለያያቸዋል።

አንድ ወፍራም ቅብ ሳይሆን ሁለት ስስ ቅብ ይሻላል። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ያህል ይድረቅ፤ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ከጠጠረ በኋላ የሚደረበው ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪውም ዓይን ውስጥ ይገባል። የታችኛውን ሽፋሽፍት ቀለም በቀረበት የብሩሹ ጫፍ ብቻ ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል። እኛን ከጠየቁን፣ ነፋስና አቧራ በማይጠፋበት ደጋ የታችኛውን መተው ይመረጣል፤ ሲያነባ መጀመሪያ የሚዝረከረከው እሱ ነው።

ቀለም ቆዳ ላይ ቢነካ ወዲያው አይጥረጉት፤ ይበልጥ ይስፋፋል። ይድረቅና በጆሮ ጥጥ ያንሱት። የተጣበቁ ፀጉሮችን በመርፌ ወይም በስፒል የሚለያዩ ሰዎች አሉ። ይህን ፈጽሞ አያድርጉ፤ ታጥቦ የደረቀ ትንሽ ብሩሽ ይበቃል። በሚሄድ መኪና ውስጥ መቀባትም እንዲሁ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ የሚያንገጫግጭ መንገድ ላይ የያዙት ብሩሽ ኮርኒያን ለመጫር አንድ ጉድጓድ ብቻ ይበቃዋል። ከአሮጌ ማስካራ ብሩሽ በተጫረ ዓይን ውስጥ ፕሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ገብቶ በቀናት ውስጥ ብርሃን ያሳጣባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና መዛግብት ተጽፈዋል።

አንድ ብሩሽ፣ አንድ ሰው

የማስካራ ጠርሙስ ጨለማና እርጥብ ነው፤ ጀርም የሚወደውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከተከፈተ ከ3 ወር በኋላ ግማሹ ቢቀርም ይጣል። ሲደርቅ ውኃ ወይም ምራቅ ጨምሮ ማለሳለስ ጀርሙን መመገብ ነው። ዓይንዎ ታሞ በነበረበት ጊዜ የተጠቀሙበትም ይጣል፤ አለበለዚያ ከዳኑ በኋላ መልሶ ይይዝዎታል።

መዋዋስን በተመለከተ ነገሩ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። በእኛ አገር የያዙትን መከልከል ንፍገት ይመስላል፤ በሠርግ ቀን ደግሞ ይብሳል። የሚያስማማ መንገድ ግን አለ። ለእያንዳንዷ ሚዜ አንድ ንጹህ ትንሽ ብሩሽ ማዘጋጀት፣ ከጠርሙሱ ላይ ትንሽ ቀለም በንጹህ ሰሃን ላይ አውጥቶ ከዚያ መቀባት፣ የጠርሙሱን ብሩሽ ከማንም ዓይን አለማስነካት። በከተማ በሰው የሚያስውቡ ባለሙያዎችም መሥራት ያለባቸው እንዲህ ነው፤ ካላደረጉ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ኩል

ኩል ከማስካራ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ የሚኳለው በፀጉሩ ላይ ሳይሆን በቆቡ የውስጥ ጠርዝ ላይ ስለሆነ በቀጥታ ከእንባ ጋር ይቀላቀላል። ሁለተኛ አንድ ብልቃጥና አንድ መኳያ ለቤተሰብ ሙሉ፣ አንዳንዴም ለጎረቤት ያገለግላል። ማዝ ባለበት ቤት መኳያው ከአንዷ ዓይን ወደ ሌላዋ ዓይናር የሚያመላልስ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። ጥቁርና የሚያብረቀርቀው የኩል ድንጋይ በብዙ አገር ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ የእርሳስ ማዕድን ሆኖ ተገኝቷል። እርሳስ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ይበልጥ የሚጎዳውም የልጆችን አእምሮና በማኅፀን ያለን ጽንስ ነው። በዚህም ምክንያት አሜሪካ ኩል ለመዋቢያነት እንዳይሸጥ ከልክላለች። ከገበያ የተገዛው ኩል እርሳስ ይኑርበት አይኑርበት በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ኩል አይኳል። “ኩል ዓይን ያጠራል” የሚለውን ሰምተን አድገናል፤ ሲያስነባ ቆሻሻ የሚያወጣ ይመስላልና። የታመመ ዓይንን ግን አያድንም፤ ሕክምና ያዘገያል እንጂ። ይህን ስንል የኩል ውበት ጠፍቶን አይደለም፤ መልኩን ለሚወዱ በታሸገ ዕቃ የሚሸጥ፣ የሠራው ድርጅትና የተሠራበት ነገር የተጻፈበት የዓይን እርሳስ ከፀጉሩ ውጭ ባለው ቆዳ ላይ ማስመር ይቻላል።

ፀጉራቸው የተቀለበሰ እናቶች

በብዙ ቤት ወረንጦ በመቀነት ጫፍ ወይም በአንገት ማተብ ላይ ታስሮ ይገኛል። ፀጉሩ በቆረቆረ ቁጥር ይነቀላል፤ ለጊዜው ዕፎይ ያሰኛል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መልሶ ይበቅላል። ጫፉ በደንብ የማይገጥም ወረንጦ ከሆነ ፀጉሩን ከሥሩ ሳይነቅል ይሰብረዋል፣ የቀረው ጉቶም እንደ እሾህ ይወጋል። የነቀለች እናት ዓይኗ ሲታይ ፀጉር የሌለው ስለሚመስል “ደህና ነው” ተብላ ልትታለፍ ትችላለች። ስለዚህ ለባለሙያው መንቀሏን መናገር አለባት። ልጆች ለሠርግ የእናታቸውን ዓይን ልናሳምር ብለው ሲቀቡ የሽፋሽፍቱ መሳሳት ካስገረማቸው፣ መልሱ እርጅና ሳይሆን ወረንጦ ሊሆን ይችላል፤ በጨዋ ደንብ ይጠይቋት።

ሕክምናው ቆቡን ወደ ውጭ የሚመልስ ቀላል ቀዶ ጥገና ነው። በማደንዘዣ መርፌ ቦታው ብቻ ደንዝዞ ይሠራል፤ ሕመምተኛዋም በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሥራው በሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎች በጤና ጣቢያም ይከናወናል፤ በመንግሥትና በረድኤት ድርጅቶች ዘመቻም ያለ ክፍያ ይሰጣል። የት ቀበሌ፣ መቼ እንደሚሰጥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትነግርዎታለች። ከጤና ጣቢያ በላይ የሆነ ነገር ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታልና የደብረ ብርሃን ሆስፒታል ለአካባቢው ቅርብ ናቸው። የነኩት ፀጉሮች ጥቂት ከሆኑና ቀዶ ጥገናውን የማይፈልጉ ከሆነ፣ በጥሩ ወረንጦ በአግባቡ መንቀልም በባለሙያ ክትትል የሚፈቀድ አማራጭ ነው።

ቀዶ ጥገናው የሄደውን ብርሃን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ያድናል። ፀጉሩም በአንዳንድ ሰው ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊቀለበስ ይችላልና መቆርቆሩ ከተመለሰ ደግሞ መታየት ነው። ቁስሉ ደርቆ ባለሙያው እስኪፈቅድ ድረስ ማስካራም ኩልም አይነካም፤ ሲፈቀድም በአዲስ ጠርሙስ ይጀመራል።

ማስለቀቅና መታጠብ

ማስካራ ተቀብቶ አይታደርም። ፍርፋሪው ሌሊቱን ከቆቡ ሥር ገብቶ ዓይንን ይቆረቁራል፤ ፀጉሩም ደርቆ ይሰበራል። ጥቂት ቫዝሊን በንጹህ ጥጥ ላይ አድርገው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ጥጡን ለአፍታ ያሳርፉበትና ወደ ታች ይጥረጉ፤ ከዚያ ፊትዎን በሳሙና ይታጠቡ። ውኃ የማይበግረው የሚባለው ማስካራ ለማልቀስ ቀን ጥሩ ነው፤ ለማስለቀቅ ግን ያስቸግራል፤ ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቦታ ተራውን መምረጥ ይሻላል። ጥጡ ለአንድ ዓይን አንድ ይሁን። የነጠላ ጫፍ ለዚህ አይሆንም፤ የልጁም ዓይናር የሚጠረገው በዚያው ጫፍ ነውና።

ፊት ለመታጠብ ብዙ ውኃ አያስፈልግም። የአንድ ልጅ ፊት ከዓይናር ነጻ ለመሆን ጥቂት ዕፍኝ ይበቃዋል፤ ዝንብ የሚያርፈው ዓይናር ባለበት ነው። በዘመቻ ጊዜ የሚሰጠውን አዚትሮማይሲን፣ ሕዝቡ ዚትሮማክስ እያለ የሚያውቀውን መድኃኒት፣ መላው ቤተሰብ መውሰድ አለበት። ያልታመመ የሚመስለውም ቢሆን። ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ማስካራ ወይም ኩል ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹህ ውኃ ይታጠቡ፤ አይሹት። ከታጠቡ በኋላም ሕመሙ ካልተወ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ካለ፣ ወይም በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የተጠቀሙበትን ማስካራም ይዘው ይሂዱ። ከመድኃኒት ቤት በራስዎ ጠይቀው ያገኙትን የዓይን ጠብታ አይጠቀሙ፤ አንዳንዱ ጠብታ ቅላቱን አጥፍቶ ቁስሉን የሚያባብስ መድኃኒት አለበት።