ፉርኖ፣ ስጎ፣ ሳልሳ፦ በጊዮርጊስ ሰፈር የበዓል ማዕድ ላይ ያሉ የጣሊያንኛ ውሰት ቃላት ታሪክ

መግቢያ

በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ የፋሲካን እራት በጣሊያን ሥርዐት ለማዘጋጀት አሰበ እንበል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን አልቋል፤ ዶሮ ወጡና ድፎ ዳቦው በጧቱ ገበታ ቀርቧል። ለማታው ልጆቹ ላዛኛ፣ አያትየው ፓስታ በስጎ፣ አባትየው የበግ አሮስቶ ይሻሉ፤ መዝጊያውም ቶርታና ማኪያቶ እንዲሆን ተስማምተዋል። የቤቱ እመቤት የሚገዛውን በወረቀት ትጽፋለች፤ ከአንድ የጣሊያንኛ የምግብ መጽሐፍ የተገኘውንም የአሠራር መመሪያ ቋንቋውን የሚያውቅ ዘመድ ወደ አማርኛ እንዲመልስላት ትሰጠዋለች።

ተርጓሚው ሥራው ቀላል ይመስለዋል፤ ከመመሪያው ቃላት ብዙዎቹ በአማርኛም አሉና። ችግሩ የሚጀምረው ግን ከዚሁ ላይ ነው። ፎርኖን «ፉርኖ»፣ ሳልሳን «ሳልሳ»፣ ፓስታን «ፓስታ» ብሎ የመለሰ እንደሆነ እመቤቲቱ መመሪያውን ቃል በቃል ተከትላ የበዓሉን እራት ታበላሻለች። ቃላቱ መልካቸው የጣሊያንኛ ቢሆንም ትርጉማቸው የአማርኛ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ቃላት በምን መንገድ እንደገቡ፣ ከገቡ በኋላ በድምፅና በትርጉም ምን እንደሆኑ፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ተርጓሚም እንዴት ሊይዛቸው እንደሚገባ በአጭሩ ማሳየት ነው። የጊዮርጊስን ሰፈር መነሻ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጣሊያን በጦር የተሸነፈበት መታሰቢያና የጣሊያን ቃል በሰላም የተቀመጠበት ማዕድ ጎን ለጎን የሚገኙት በዚሁ ሰፈር ነው።

ሀ. ቃላቱ የመጡበት መንገድ

እንደሚታወቀው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ከዘመተው ሠራዊት ጋር አብሮ ተጉዟል። ከድሉ በኋላ በተሠራው ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ንድፍ ግን የጣሊያናዊው የሴባስቲያኖ ካስታኛ እጅ አለበት። በ1900 ዓ.ም. ገደማ እቴጌ ጣይቱ በዚያው በአራዳ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ የውጭ አገር ምግብ ለከተማው ሰው መታየት ጀምሮ ነበር። በሮማም ኢኛሲዮ ጉይዲ የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላቱን በ1901 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ነበር። ስለሆነም የሁለቱ ቋንቋዎች ግንኙነት ከወረራው ጋር እንደተጀመረ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ ትልቁ የቃላት ጎርፍ የመጣው በኀይል ነው። የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በተጀመረው ጭፍጨፋ የከተማው ሕዝብ ሲያልቅ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በእሳት ተቃጠለ። የአራዳ ገበያ ለአገሬው ተብሎ ወደ ምዕራብ ተዛወረና አዲሱ ስፍራ በጣሊያንኛው የገበያ ስም «መርካቶ» ተባለ፤ የቀድሞው የገበያ አካባቢም «ፒያሳ» የሚለውን ስም ይዞ ቀረ። ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩት ቤቶች ይጠሩበት የነበረው «ካዛ» እና የድርጅቱ የፊደላት ምሕጻር «ኢንቺስ» በሕዝቡ አፍ ተጋጥመው «ካዛንቺስ» ሆኑ።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ጦሩ ወጣ፤ ብዙ ባለሙያ ግን ቀረ። መካኒኩ፣ ግንበኛው፣ ዳቦ ጋጋሪውና ወጥ ቤቱ በኢትዮጵያውያን መካከል መሥራቱን ቀጠለ። ዛሬም የጋራዥ አማርኛ «ጎማ»፣ «ፍሬን»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ጎሚስታ» የሚለው ከዚያው ሰፈር ተምሮ ነው። በፒያሳ የካስቴሊ ምግብ ቤትና የኤንሪኮ ኬክ ቤት ለብዙ ዘመን የታወቁ ነበሩ። በ1953 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቡና ቤት «ቶሞካ» ስሙ ራሱ «ቶሬፋጺዮኔ ሞደርና ካፌ» ለሚሉት ቃላት ምሕጻር ነው፤ ዘመናዊ የቡና መቍያ ማለት ነው። የምግብ ቃላቱ ወደ ከተማው ነዋሪ ቤት የዘለቁት በእንዲህ ያለው የሰላም ጊዜ የሥራና የንግድ ግንኙነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ማቅረብ ይጠቅማል። ያው የፋሺስት መንግሥት በአገሩ የቋንቋ ጥራት ጠበቃ ነኝ ይል ነበር። በ1940 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ የውጭ ቃል በንግድ ቤቶች ጽላት ላይ እንዳይጻፍ ከለከለ፤ የጣሊያን አካዳሚም የተተኪ ቃላት ዝርዝር እያዘጋጀ ያወጣ ነበር። ከተተኪዎቹ ጥቂቶች ሲቀሩ አብዛኞቹ ከመንግሥቱ ጋር አብረው ጠፉ። የፉቱሪስቶች መሪ ማሪኔቲማ በ1930 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ፓስታ ሕዝቡን ያደነዝዛልና ይቅር እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ፓስታም አልቀረም። በአዲስ አበባም ወራሪው በአዋጅ ለጎዳናዎች የሰጣቸው የሹማምንቱ ስሞች ከነጻነት በኋላ ተረሱ፤ ማንም ያላወጀላቸው «ፉርኖ» እና «ስጎ» ግን ቀሩ። በአዋጅ የመጣው በአዋጅ ሄደ፤ በማዕድ የመጣው ከማዕዱ ጋር ተቀመጠ።

ለ. የድምፅ ለውጥ

ከጣሊያንኛ የተወሰዱት የምግብ ቃላት በአማርኛ የድምፅ ሥርዐት ተገርተዋል። «ፎርኖ» ፉርኖ፣ «ሱጎ» ስጎ፣ «ካራሜላ» ከረሜላ፣ «ማኬሮኒ» መኮሮኒ ሆነዋል። ከነዚህ በሁለቱ የራብዑ አናባቢ ወደ ግዕዝ ተመልሷል፤ በ«ስጎ» ካዕቡ ወደ ሳድስ፣ በ«መኮሮኒ» ደግሞ ሐምሱ ቀጥሎ ያለውን ሳብዕ ተከትሎ ወደ ሳብዕ ተለውጧል።

በተለይ ልብ የሚባለው «ፒያሳ» እና «ፒዛ» የሚሉት ሁለት ቃላት ጉዳይ ነው። በጣሊያንኛ በሁለቱም ቃላት ውስጥ ያለው ድምፅ አንድ ነው፤ አማርኛ ግን ያለ ፍንዳታ የሚነገር እንዲህ ያለ ድምፅ ስለሌለው የመጀመሪያውን በ«ሳ»፣ ሁለተኛውን በ«ዛ» ተቀብሎታል። አንድ ድምፅ ሁለት ምላሽ ማግኘቱ ሁለቱ ቃላት በአንድ ጊዜና በአንድ መንገድ እንዳልገቡ ያመለክታል።

የቍጥርም ለውጥ አለ። «ጄላቲ» እና «መኮሮኒ» በምንጫቸው ብዙ ቍጥር ናቸው፤ በአማርኛ ግን አንዱ የበረዶ ጣፋጭ «ጄላቲ» ሲባል ብዙዎቹ «ጄላቲዎች» ይባላሉ። «ላዛኛ» ደግሞ መጨረሻው ከራሳችን «-ኛ» ቅጥያ ጋር ስለ ተገጣጠመ እንግድነቱ ለጆሮ አይሰማም።

ሐ. የትርጉም ለውጥ

ወደ እመቤቲቱ ወረቀት እንመለስ። «ፎርኖ» በጣሊያንኛ የመጋገሪያ ምድጃ ነው። አማርኛ ቃሉን ከምድጃው ወስዶ ለሚወጣው ዳቦ፣ ከዳቦውም ለሚሠራበት ነጭ ዱቄት ሰጠው፤ «ፉርኖ ዳቦ»፣ «ፉርኖ ዱቄት» እንላለን። መመሪያው ላዛኛውን ፎርኖ ውስጥ ክተቱ ሲል ተርጓሚው «ፉርኖ ውስጥ ክተቱ» ቢል ላዛኛውን ዱቄት ውስጥ አስገባው ማለት ነው። የሚስማማው «መጋገሪያ ምድጃ» ወይም ዛሬ በየቤቱ የሚነገረው «ኦቨን» ነው።

«ሳልሳ» በጣሊያንኛ ማናቸውም ማጣፈጫ ፈሳሽ ነው፤ በአማርኛ ግን በቆርቆሮ የታሸገው የቲማቲም ድልህ ነው። መመሪያው ሁለት ጭልፋ ሳልሳ ጨምሩ ሲል የቀጠነውን ማለቱ ነው፤ እመቤቲቱ ግን ሁለት ጭልፋ ድልህ ትጨምራለች። «ፓስታ» እንደዚሁ በምንጩ ሊጥንም፣ የዱቄት ምግብን ሁሉም ያጠቃልላል፤ በአማርኛ ረጅሙ ክር ብቻ «ፓስታ» ሲሆን አጭሩ «መኮሮኒ»፣ ሰፊው ቅጠል «ላዛኛ» ነው። ፓስታውን ዳምጡ ሲባል «ሊጡን ዳምጡ» ተብሎ ይመለስ። «ማኪያቶ» በጣሊያን ጠብታ ወተት የነካው ቡና ነው፤ በአዲስ አበባ ወተቱ በዝቶ ራሱን የቻለ መጠጥ ሆኗል፤ «ነጭ ማኪያቶ»፣ «ጥቁር ማኪያቶ» የሚሉ የራሱ ልጆችም አሉት።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው «ስጎ» ነው። «ፓስታ በስጎ» ብቻውን ሲጠራ በተለምዶ የቲማቲሙ ማለት ሲሆን በጾም ቀን ይበላል፤ «ፓስታ በሥጋ» ግን የፍስክ ነው። ሁለቱን በንግግር የሚለያቸው የመጨረሻው አናባቢ ብቻ ነው። በጽሑፍ ግን ሌላ መለያ አለ፤ «ሥጋ» ከግዕዝ በወረሰው በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ባዕዱ «ስጎ» በእሳቱ «ሰ» ይጻፋል። ሞክሼ ሆሄያትን ስለ መቀነስ በየጊዜው በሚነሣው ክርክር ይህ ትንሽ ምሳሌ ሊታሰብ ይገባዋል ብለን እናምናለን፤ የአንዲት ፊደል ግድፈት የአንድን ሰው ጾም ልታስገድፍ ትችላለችና።

መ. የማዕድ ሥርዐትና ስያሜው

የጣሊያን ማዕድ በተራ የሚቀርብ ነው፤ አፍ መክፈቻው፣ የመጀመሪያው ሳሕን፣ ሁለተኛው ሳሕን፣ አጃቢው አትክልት፣ ጣፋጩ እያንዳንዱ ስም አለው። የእኛ መሶብ ሁሉን ባንድ ጊዜ ስለሚያቀርብ ለተራዎቹ ስም አላስፈለገውም። ይሁን እንጂ ሁሉንም ከውጭ መዋስ ወይም ከግዕዝ አዲስ ቃል መፍጠር ግድ አይደለም። ለመጀመሪያው «አፍ ማሟሻ»፣ ለመጨረሻው «ማጣጣሚያ» የሚሉ የቤት ቃላት አሉን፤ ሁለቱም ከምጣድና ከምላስ የመጡ ስለሆኑ ማንም ይረዳቸዋል።

«ማባያ» የሚለው ቃል ግን ከስያሜ አልፎ ታሪክ ያስተምራል። በእኛ ዘንድ መሠረቱ እንጀራው ነው፤ ወጡ ማባያው ነው። በጣሊያንም መሠረቱ ፓስታው ነው፤ ስጎው ማባያው ነው። የሁለቱ ማዕዶች አሠራር በዚህ ስለ ተመሳሰለ ፓስታ በቤታችን እንግዳ አልሆነም። ከዚያም አማርኛ ተናጋሪው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ፓስታውን ራሱን በእንጀራ በላው። የጣሊያን ዋና ምግብ በእኛ ገበታ ማባያ ሆነ ማለት ነው። በቃላቱ ላይ የሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ገዢ ሆነው ለመግባት የመጡት በማባያነት ተቀመጡ።

ሠ. መደምደሚያ

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ የአማርኛ ስያሜ ፍለጋ ብዙ ተደክሟል። ለወጥ ቤቱ የሚያስፈልገው ሌላ ዐይነት ትጋት ነው፤ መፍጠር ሳይሆን መመዝገብ። ከላይ ከተገለጸው በመነሣት ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን።

1ኛ/ ውሰት ቃል በመዝገበ ቃላት ሲገባ ምንጩ በቅንፍ፣ ትርጉሙ ግን በአማርኛ ተናጋሪው አጠቃቀም ይሰጥ። ለምሳሌ፦ ፉርኖ፣ ስም (ከጣሊያንኛ ፎርኖ፣ ምድጃ)፦ ነጭ የስንዴ ዱቄት፤ ከዚሁ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ። ሳልሳ፣ ስም (ከጣሊያንኛ ሳልሳ፣ ማጣፈጫ ፈሳሽ)፦ የታሸገ የቲማቲም ድልህ።

2ኛ/ ተርጓሚ ከጣሊያንኛ ሲመልስ መልኩ የተመሳሰለውን ቃል በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አይምረጥ።

3ኛ/ ቃላቱ ከባለሙያዎቹ አፍ ሳይዘገይ ይሰብሰቡ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ከፊል ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳርቻ ተበትነዋል። በዚያው ዓመት የካቲት ወር የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም እዚያው ፒያሳ ላይ ተመርቆ ተከፍቷል። የድሉ መታሰቢያ ቤት አግኝቷል፤ በየኬክ ቤቱና በየዳቦ ቤቱ ይነገር የነበረው አማርኛ ግን ቤቱ ሲፈርስ የሚያነሣው ካላገኘ አብሮ ይጠፋል።

የጊዮርጊስን መቃጠል የሚያስታውስ ቤተሰብ በዚያው ሰፈር ላዛኛ ቢቈርስ የሚነቅፈው ሊኖር ይችላል። በእኛ አስተያየት ቃልን መቀበል ጌትነትን መቀበል አይደለም። እመቤቲቱ ወረቀቷን ስትጽፍ የምትጽፈው አማርኛ ነው፤ ፉርኖው ዱቄቷ፣ ስጎው ወጧ፣ ፓስታውም ማባያዋ ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግዴታ ቃሉ ከየት እንደመጣና በምን ዋጋ እንደመጣ ሳይሸሽግ፣ ዛሬ የማን እንደሆነ በግልጽ መጻፍ ነው።