እንግዳው ባለቤት እስኪሆን ድረስ

በሰሜን አሜሪካ፣ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ሴዳር በተባለው ጎዳና ዙሪያ ያለው ሰፈር ከ100 ዓመት በፊት ከስዊድንና ከኖርዌይ በችግር ምክንያት የተሰደዱ ሰዎች መኖሪያ እንደ ነበረ፣ ዛሬ ደግሞ ብዙዎቹ ነዋሪዎቹ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ መሆናቸውን ያየ ሰው፣ አንዲት ምድር ስደተኛን በስደተኛ እየተካች እንዴት እንደምታስተናግድ ለመገንዘብ ብዙ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። እኔም በዘመነ ደርግ አገሬን ለቅቄ፣ በሱዳን በኩል አልፌ ከዚሁ ከተማ ከደረስሁ ወዲህ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት እነዚያ ስዊድናውያን ባቆሟት በአንዲት የሉተራን ማኅበረ ምእመናን ውስጥ ነው። ትናንት እኛን ሌሎች ሲቀበሉን ኖረው፣ ዛሬ ሌሎችን የምንቀበል እኛ ሆነን ተገኝተናልና፣ በመካከሉ የሆነውን ነገር ለማያውቁት ወጣቶች ልጽፍላቸው ወደድሁ።

የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ አምልኮ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ቢመስልም፣ ለማያውቀው ሰው ጭንቅ አለበት። መቼ እንደሚነሡ፣ መቼ እንደሚቀመጡ፣ ከመዝሙሩ መጽሐፍ የትኛው ገጽ እንደሚገለጥ ለማወቅ በመግቢያው በር ላይ የሚታደለውን ወረቀት መከተል ያስፈልጋልና፣ ቋንቋው ገና ያልተገራለት ሰው ገጹን ፍለጋ ሲያገላብጥ ጸሎቱ ያልፈዋል። በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እንዲህ የተጨነቀ እንግዳ በአጠገባቸው ሲቀመጥ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ የራሳቸውን መጽሐፍ እንደ ተገለጠ በእጁ ላይ ያኖሩለትና፣ የእርሱን ተቀብለው ገጹን እንደ ገና ፈልገው ይከተላሉ፤ መዝሙሩም ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ሲያልፍ እጃቸውን ዘርግተው መስመሩን በጣታቸው ያሳዩታል። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው ኮሚቴ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስለ እንግዳ አቀባበል የተዘጋጁ ብዙ መመሪያዎችን አንብቤአለሁ፤ ከእኒህ ሴት ሥራ የሚበልጥ ግን በአንዱም አላገኘሁም።

ከመካከላችን በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ያደጉት ዜማውንም ኑዛዜውንም ቶሎ ለመዱት። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው ላደጉት ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ጫማ ሳያወልቁ ወደ መቅደስ መግባት፣ ሳይጾሙ ወደ ቁርባን መቅረብ፣ ወንድና ሴት በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቆ መቀመጥ ኅሊናቸውን ያስጨንቀው ነበር። ይሁን እንጂ ጸሎቱ በተጀመረ ጊዜ፣ ፈረንጆቹ «ኪርዬ ኤሌይሶን» እያሉ ሲያዜሙ የሰማ አንድ የጎንደር ሰው፣ በስቅለት ዕለት ከእናቱ ጋራ እየሰገደ «ኪርያላይሶን» ያለበት ዘመን ትዝ ብሎት እንባው እንደ ወረደ አስታውሳለሁ። በዚያን ጊዜ የነበሩት ቄስ አስተዋይ ሰው ነበሩና፣ ወደ ቁርባን ያልቀረበውን አላስገደዱም፤ እጁን በደረቱ ላይ አመሳቅሎ የቀረበውንም ራሱን ዳስሰው ባረኩት እንጂ ስለ ምን እንዳልተቀበለ በሕዝብ ፊት አልጠየቁትም። ያ የጎንደር ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ጫማውን ከወንበሩ ሥር እያወለቀ ጸለየ፤ ይህን አድርግ ወይም አታድርግ ያለው ግን አልነበረም።

ስለ ስም የሆነውን ነገር ረዘም አድርጌ ልተርከው እወዳለሁ፤ ለእንግዳ ከስሙ የሚቀርበው ነገር የለምና። በጽሕፈት ቤቱ የአባላት መዝገብ ላይ ስማችን ሲጻፍ፣ ባል በአባቱ ስም፣ ሚስትም በአባትዋ ስም፣ ልጆች ደግሞ በአባታቸው የመጠሪያ ስም ተመዘገቡና፣ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖረው ቤተሰብ በመዝገቡ ላይ ሦስት ቤተሰብ ሆኖ ተገኘ። የመባ መስጫው ፖስታ ለባልና ለሚስት ለየብቻ ይመጣል፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ወላጅ እንደሌላቸው ሁሉ ለልጆቹ ብቻ ይላካል፤ አንዲት እኅታችን ያለ ጋብቻ የምትኖር መስላቸው ምክር ሊሰጧት የመጡም ነበሩ። ይህ ሁሉ ከክፋት የተነሣ አልነበረም፤ ነገር ግን በሰው አገር ብቸኝነት ላይ ሲደረብ ልብን ያቆስል ነበር። በዚህ ነገር በሽማግሌዎች ጉባኤ ላይ ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ የማኅበሩን ጥንታዊ መዛግብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ከብረት ሣጥኑ ውስጥ በስዊድን ቋንቋ የተጻፈውን የመጀመሪያውን መዝገብ አመጡና በጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። አባትየው «አንደርስ ፔርሶን»፣ ልጁ «ላርስ አንደርሶን»፣ ሴት ልጁ ደግሞ «አንደርስዶተር» ተብላ ተጽፋ ነበር፤ የስዊድን ገበሬም እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ እንደ እኛ በአባቱ ስም ይጠራ ነበርና። ሽማግሌውም መዝገቡን ዘግተው ሲቀመጡ ጉባኤው ጸጥ አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእያንዳንዳችን ስም ከነአባታችንና ከነአያታችን ስም እንዲጻፍ፣ ቤተሰቡም በአንድ ቁጥር እንዲታሰር ተወሰነ።

እኒህ ሰዎች ለእኛ ፈጽሞ ባዕዳን እንዳልነበሩ የተረዳሁት ከዚህ በኋላ ነው። በስዊድን አገር በተነሣው መንፈሳዊ መነቃቃት እ.ኤ.አ. በ1856 የተቋቋመው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በ1866 የመጀመሪያዎቹን መልእክተኞች ወደ ምጽዋ ሲሰድድ፣ በዚያው መነቃቃት የተነኩ ሌሎች ገበሬዎች ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በሣጥን ይዘው ወደ አሜሪካ በመርከብ ተሻግረው፣ በ1860 አውጉስታና የተባለውን ሲኖዶስ አቋቁመው ነበር። ወደ ምጽዋ የሄዱት የዘሩት ዘር በአገሬው ወንጌላውያን በእነ ኦነሲሞስ ነሲብ አድጎ፣ በኋላም ከሌሎች የወንጌል መልእክተኞች ፍሬ ጋራ ተዋሕዶ፣ በጥር ወር 1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሆኖ ቆመ። የዚህችው ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆነው ያገለገሉትና በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. በደርግ እጅ የተገደሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳም፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 ድረስ ነገረ መለኮት የተማሩት ከእኛ ከተማ ወንዝ ማዶ፣ በሴንት ፖል በነበረው የሉተር ሴሚናሪ ነው። እንግዲህ ከአንድ ምንጭ የወጡ ሁለት ወንዞች፣ አንዱ በቀይ ባሕር አንዱ በአትላንቲክ ተጉዘው፣ ከ100 ዓመት በላይ ቆይተው በሚኒያፖሊስ ተገናኙ ማለት ነው።

ከዚህም ቀደም የሚል ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የተባሉ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ዊተንበርግ መጥተው ከማርቲን ሉተር ጋራ በአስተርጓሚ ስለ ሃይማኖትና ስለ ሥርዓተ ቅዳሴ ተነጋግረዋል፤ ሉተርም በሃይማኖት መስማማታቸውን አይተው፣ ሲሰናበቱ ምእመናን በፍቅር እንዲቀበሏቸው የሚያሳስብ ደብዳቤ ጽፈው ሰጥተዋቸዋል። በእኛ ዘመን ግን የመጣው ስደተኛ አብዛኛው ደብዳቤ አልነበረውም። ጸሎት ቤቱ የታሸገበት፣ ሽማግሌዎቹ የታሰሩበት ምእመን የአባልነት መሸኛ ከማን ይቀበል ነበር? በእርግጥ አንዲት የወለጋ ሴት፣ ክብ ማኅተም ያረፈበትን መሸኛዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣ በቀሚስዋ ጠርዝ ውስጥ ሰፍታ፣ ከድንበር ድንበር አሻግራ አምጥታለች፤ ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ተቆርጦ አራት ሆኖ ነበር፤ ቄሱም ቁራጮቹን ገጣጥመው በጉባኤው ፊት እንዲነበብ አድርገዋል። ደብዳቤ የሌለውን ደግሞ ማኅበሩ የእምነት መግለጫውን ከምእመናን ጋራ በጉባኤ እንዲናገር ብቻ አድርጎ ተቀበለው።

ይህን ሁሉ ደግነት ካየን በኋላም ግን ለብዙ ጊዜ እንግዶች ሆነን ቆየን። አበው እንደሚሉት እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነውና፣ የክረምቱን ካፖርት፣ ያገለገለውን አልጋና ማሰሮ ተቀብለን፣ ከቅዳሴው በኋላ በምድር ቤቱ በሚሰጠው ቡና ላይ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለብቻችን ተቀምጠን፣ እያመሰገንን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። ሲሰጡት ብቻ የሚኖር ሰው፣ የሰጪዎቹ ልብ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ጀርባው ይጎብጣል። ይህን ያቃናው አዲስ መመሪያ ወይም ብርቱ ስብከት አልነበረም፤ ሥራ ነበር። በአንድ ዐቢይ ጾም ወራት፣ ክሬምና አይብ የበዛበትን የአገሬውን የድስት ምግብ ሴቶቻችን ሳይቀምሱ መቀመጣቸውን ያየች የወጥ ቤቱ ኃላፊ፣ ምን እንደሚበሉ ጠይቃ ከሰማች በኋላ፣ የምድር ቤቱን የወጥ ቤት ቁልፍ ከገመድዋ ፈትታ ለአንዲቱ እኅታችን ሰጠቻትና «የሚመጣው እሑድ ምሳ የእናንተ ነው» አለቻት። በዚያ እሑድ ሽሮና ምስር፣ ጎመንና እንጀራ ቀረበ። ቡናው ሲቆላ የጢስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ሕዝቡ ሁሉ ወደ በረዶው ወጣ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ በዚህ ቢቆጡም፣ ያች የወጥ ቤት ኃላፊ ከዚያ ወዲህ ቡና በሚቆላበት ሰዓት የአየር ማውጫውን ራስዋ እየከፈተች በምድጃው አጠገብ ትቆም ነበር። ቁልፉም አልተመለሰም።

ከቁልፉ በኋላ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። ንባቡን በአማርኛ የሚያነብ፣ መባውን የሚሰበስብ፣ የታመመውን የሚጠይቅ ከእኛ ተመደበ፤ ከሰዓት በኋላ በአማርኛ የሚደረገው ጸሎት የተከራይ ጸሎት መሆኑ ቀርቶ የማኅበሩ ሁለተኛ ጸሎት ተብሎ ተጻፈ፤ ከእኛ አንዱም ለሽማግሌዎች ጉባኤ ተመረጠ። እኔ እንደማምነው፣ እንግዳ ቤተኛ የሚሆነው በር ላይ በሚቀበለው ፈገግታ አይደለም፤ እርሱ በቀረበት ቀን የሚጎድል ሥራ ሲኖረው ነው።

አሁን ደግሞ ተራው የእኛ ነው። በዲቪ የመጡ ባልና ሚስቶች፣ በቤይሩትና በሪያድ ቤት ሠራተኛ ሆነው ከኖሩ በኋላ የደረሱ እኅቶች፣ በአገር ቤቱ ጦርነት ዘመዶቻቸውን ያጡ፣ እዚሁ ተወልደው አማርኛ የሚሰሙ ግን የማይናገሩ ልጆች በየእሑዱ በራችንን ያንኳኳሉ። እኛም የተቀበልነውን ደግነት ሁሉ እንዳለ አላስተላለፍንም ብዬ በግልጽ መናገር ይገባኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣውን ሰው በሕዝብ ፊት አስነሥቶ፣ ስሙንና ከየት እንደ መጣ አስነግሮ ማጨብጨብ በብዙ ማኅበሮቻችን ልማድ ሆኗል፤ ይህ ለደፋር ሰው ክብር ቢሆንም፣ ወረቀቱ ገና ላልተስተካከለለት፣ ከየት ነህ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በአገሩ መከራ ላመጣበት ሰው ፍርሃት ነው። ከየት እንደ መጣ ከሰሙ በኋላ ቋንቋውንና ወገኑን ለመለየት የሚጠቋቆሙም አሉ፤ በጌታ ማዕድ ዙሪያ ይህን ማድረግ ኃጢአት መሆኑን መሸፈን አይገባም። ልጆቹንም አማርኛ አታውቁም እያልን ስንገሥጻቸው ወደ ሌላ ደጅ እየሄዱብን ነው፤ እኒያ ስዊድናውያን እንኳ ልጆቻቸው ከቤተ ክርስቲያን እንዳይርቁ ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የአባቶቻቸውን ቋንቋ ከመድረካቸው አውርደው በእንግሊዝኛ መስበክን መርጠው ነበር። የእነርሱን መንገድ ሙሉ በሙሉ እንከተል አልልም፤ አማርኛው ይቆይልን፤ ግን የልጆቹ ንባብ በሚያውቁት ቋንቋ ይሁንላቸው።

በየአገሩ ያላችሁ የማኅበረ ምእመናን ሽማግሌዎችና እኅቶች ሆይ፣ አዲስ የመጣውን ሰው በጉባኤ ፊት አታስነሡት፤ ከአጠገቡ ተቀመጡና ገጹን አሳዩት። ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ አጣርታችሁ ጻፉለት። የሚጾም እንደሆነ ጠይቁት። ወሩ ሳያልፍም አንድ ሥራ ስጡት፤ ወንበር መደርደርም ቢሆን፣ ቡና ማፍላትም ቢሆን፣ ከልባችሁ አምናችሁ ስጡት፤ የሰጣችሁትንም ቁልፍ መልሳችሁ አትጠይቁት።