«አብዮታዊ» ሲባል ለማን?

«አብዮታዊ» የሚለው ቅጽል ዛሬ ረክሷል። አዲስ ስልክ ሲወጣ አብዮታዊ ነው፣ አዲስ ሳሙና ሲመጣም አብዮታዊ ነው። ሥሩ ግን ከባድ ነው። በግዕዝ «አበየ» ማለት እምቢ አለ ማለት ነው። አብዮት ከሁሉ በፊት እምቢታ ነው። እስቲ ቃሉን በከፋ ታሪክ እንፈትነው።

በ1890 ዓ.ም. መባቻ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የመጨረሻውን የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። የዘመናት መንግሥት ፈረሰ፣ የመሬቱ ባለቤት ገባር ሆነ፣ ብዙ ሰው ለባርነት ተጋዘ። አገር ከዚህ በላይ አይገለበጥም። ሆኖም ማንም አብዮታዊ አላለውም። ለዘማቹ «ማቅናት» ነበር፣ ለተሸነፈው «ወረራ»። አገር መገልበጥ ብቻውን አብዮት አያሰኝም ማለት ነው፤ እምቢ ባዩ ከታች ያለው ሰው መሆን አለበት።

በ1960 የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ሲል ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሱ። በ1966 የከፋ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ሆነው ሳሉ ደግሞ የጅማ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ «ይነሱልን» አለ። እንዲህ ያለ ሰልፍ ለባለሥልጣኑ «ሁከት»፣ ለሰልፈኛው «አብዮት» ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው አዋጅ ሲታወጅ፣ የቦንጋ ዙሪያ ጭሰኛ ቃሉን በማሳው አየው። ከአዋጁ በኋላ ለባለመሬት የሚከፍለው ሲሶም እኩልም አልነበረም።

ብዙ ሳይቆይ ግን ቅጽሉ ከእምቢ ባዩ አፍ ተነጠቀ። «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ሆነ። እምቢ ያለው «ፀረ አብዮት» ተባለ። የእምቢታ ቃል እምቢ ባይን መቅጫ ሆኖ አረፈ። ከደርግ በኋላም «አብዮታዊ ዴሞክራሲ» ተብሎ የገዥ ፓርቲ መለያ ሆነ።

መስከረም 20 ቀን 2014 ከፋ ከጎረቤቶቹ ጋር በድምፅ ወሰነ፤ ከዚያም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም መቀመጫ ሆነች። ይህም በካርድ የተነገረ እምቢታ ነው። አብዮታዊ ነው ወይ? መልሱ በቦንጋ በተከፈቱት ቢሮዎች ብዛት አይገኝም። ቡናውን ለቅሞ ገበያ የሚያወርደው ገበሬ በዋጋው፣ በመንገዱና በጫካው ላይ እምቢ ማለት ይችላል ወይ? ቅጽሉን ከመለጠፋችን በፊት እሱን እንጠይቅ።